እልልታው ቀደመ

በእኛ ቤት ቴሌቪዥን ማየት የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። ልጅ ሆኜ አንቴናውን የሚያዞር አንድ ሰው ቆርቆሮው ላይ፣ ቃል የሚያቀብል አንድ ሰው መስኮቱ ሥር፣ ሳሎን ውስጥ ደግሞ «አሁን! አሁን! አይ፣ አበላሸኸው፣ መልሰው!» እያለ የሚፈርድ ቢያንስ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም ነው፤ ቀለም ያገኘው በ1970ዎቹ መጨረሻ። እኛ ሰፈር የደረሰው ከዚያም ዘግይቶ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ዳንቴል ለብሶ ሲሆን የሚያዝበትም ከባለቤቱ ይልቅ መንደሩ ነበር። ቀጥሎ ዲሽ መጣ። ናይልሳት፣ አረብሳት፣ ኤልኤንቢ፣ «ሲግናሉ ስንት ነው? ኳሊቲውስ?» ማለትን ተማርን። ክረምት ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ምስሉ ይሰባበርና የዲሽ ሠራተኛ ይጠራል፤ እሱ እስኪደርስ ዝናቡ ያባራል፤ ምስሉ በራሱ ጊዜ ይመለሳል፤ ሠራተኛውም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ትንሽ አንኳኩቶ ይወርድና ሂሳቡን ይቀበላል። ቢገኝ ጥሩ ሙያ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ላይ ስትዳር፣ «ሰርጉ በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል፣ በኤችዲ ታዩታላችሁ» ተብሎ ሲነገረን፣ ቤታችን ለእንዲህ ያለው ዘመቻ እንግዳ አልነበረም። እናቴ ቪዛው አልተሳካላትም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዞ ማንሳቱን ትታ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር፤ «በስልክ አላይም። መነጽሬን አድርጌም ሙሽራዋን ከሚዜዋ አልለይ። በትልቁ ቴሌቪዥን አድርጉልኝ፣ የካባዋን ጥልፍ ልየው።» የካባው ጥልፍ እንግዲህ የቴክኒክ መስፈርታችን ሆነ።

ትልቁ ቴሌቪዥን 43 ኢንች ነው፤ በራሱ ኢንተርኔት ውስጥ መግባት ግን አያውቅም። ስለዚህ ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ከዚያችው ከሙሽራዋ እናት የመጣ ነው፤ እሷ አዲስ ስትገዛ አሮጌው ወደ እኛ ዞረ። ቴሌቪዥኑ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ አለው፤ ላፕቶፑ ያለው ግን ያ ሰማያዊው ባለ 15 ቀዳዳ ቪጂኤ ብቻ። ቪጂኤን አይቢኤም ያወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሁለት ዘመን ሰዎችን የሚያስማማ አማላጅ ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። መርካቶ ውስጥ የኬብል ነጋዴ «የለም» አይልም። መቀየሪያዋን ሰጠኝና «ኦሪጅናል ናት» አለኝ። አጠገቧ ያለችውን ርካሿን ጠቆምኩት። «እሷም ኦሪጅናል ናት፤ ይቺ ግን የበለጠ ኦሪጅናል ናት።»

ሰካነው። ምስል መጣ፤ ድምፅ የለም። የሳሎኑ ሸንጎ ወዲያው ተሰየመ። ወንድሜ የቴሌቪዥኑ ስፒከር ተቃጥሏል አለ። የሦስተኛ ፎቁ ሻምበል (በጦሩ ውስጥ የሬዲዮ መገናኛ ባለሙያ ነበሩ፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ሁሉ እሳቸውን ሳያስፈቅድ በብሎካችን አይበላሽም) መቀየሪያዋን በብርሃን አንጻር አገላብጠው አይተው «ቻይና» አሉና መለሷት። የ16 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ግን ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ቪጂኤ ድምፅ አይሸከምም» አለ። እውነት ነው፤ ያ ሽቦ ምስል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። መቀየሪያዋ ጎን ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ ያለቻት ለዚሁ ነው፤ ድምፁን በሌላ ቀጭን ሽቦ ከላፕቶፑ ወስዳ እንድትቀላቅል። ለዚያች ሽቦ ብዬ መርካቶ ድረስ ለታክሲ የከፈልኩት ከሽቦዋ ዋጋ በልጧል።

አሁን ሙከራ። ልጁ አንድ የተቀዳ የሰርግ ቪዲዮ ከፍቶ ጥራቱን 1080 አደረገው። መጀመሪያ ምስሉ መጣ፤ ቀጥሎ የላፕቶፑ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሙዚቃው ሲሄድ ጨፋሪዎቹ ቆሙ። ሁሉም «ኔትወርክ ነው» አለ። በአገራችን ኔትወርክ ያልተከሰሰበት ወንጀል የለም፤ በዚህኛው ግን ንጹሕ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1080 የሚባለው ምስል 1920 በ1080 ነጥብ፣ ማለትም 2,073,600 ነጥብ አለው። እያንዳንዷ ነጥብ 24 ቢት ቀለም ከያዘችና ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ከተለወጠ፣ ሳይጨመቅ 1.5 ጊጋቢት ገደማ በየሰከንዱ ይፈስሳል ማለት ነው። ይህን በ5 ሜጋቢት ወደ ቤታችን ማስገባት ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በርበሬውን፣ ሽሮውንና ዳቦ ቆሎውን ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ እንደሚጠቀጥቀው ነው። 300 ጊዜ ያህል መጨመቅ አለበት። ዘዴውም ሙሉ ሥዕል አልፎ አልፎ ልኮ በመካከሉ የተለወጠውን ብቻ መላክ ነው፤ ቄሱ ቆመው ሲያነቡ ግድግዳው በየሰከንዱ እንደ አዲስ አይላክም። ሻንጣውን የሚፈታው ግን ኮምፒውተሩ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኤች 264 የተባለውን የአጨማመቅ ስልት የእኛ ላፕቶፕ የሚፈታበት የራሱ ቺፕ አለው። ዩቲዩብ ግን በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው ቪፒ 9 መላክ ይወዳል፤ ለእሱ ቦታ ይቆጥብለታል። ያ ሲመጣ ምስኪኑ ፕሮሰሰር ሁሉንም በእጁ ይፈታል፤ 100 ከመቶ ይሞላል፤ ማራገቢያው ይጮኻል። ልጁ ብራውዘሩ ላይ «በድሮው ላክልኝ» የምትል ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ጫነበት፤ ማራገቢያው ዝም አለ፤ ጨፋሪዎቹም ተንቀሳቀሱ። ለዚህ ምስጋና የወሰዱት ግን በዚያው ቅጽበት ላፕቶፑን ከፍ አድርገው ከሥሩ መጽሐፍ ያስገቡት ሻምበል ናቸው።

በማግስቱ ምሽት ተራው የኔትወርክ ሆነ፤ በዚህ ጊዜ እውነተኛ ጥፋት ነበረበት። ሻምበል አስቀድመው ክስ መሥርተው ነበር፤ «10 ሜጋ ብለው እያስከፈሉ የሚያወርደው 1 ከምናምን ነው፤ ዝርፊያ ነው!» ልጁ በትሕትና አስረዳቸው፤ ውሉ ላይ ያለው ሜጋቢት ነው፣ ፋይል ሲወርድ የሚታየው ሜጋባይት ነው፣ 8 ቢት አንድ ባይት ነው፣ 10 ለ8 ሲካፈል 1.25። ሻምበል አሰቡበትና «ታዲያ ለምን በአንድ ቋንቋ አያወሩም?» አሉ። ለዚህ ልጁም መልስ አልነበረውም፤ እኔም የለኝም።

ችግሩ የነበረው ኮሪደሩ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከበሩ ጎን ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች ቆመዋል፤ ዋይፋዩ ደግሞ ግድግዳው ላይ፣ ከበርሜሎቹ ጀርባ። ልጁ ስልኩን ይዞ ሳሎንና ኮሪደር እየተመላለሰ ለካና የበርሜሎቹን ነገር አወጣ። የእኛ ዋይፋይ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርትዝ ነው፤ ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭም የሚሠራው በዚያው አካባቢ ነው፤ ውሃ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ወደ ሳሎን የሚሄደው ሲግናል በየዕለቱ ሁለት በርሜል ውሃ አቋርጦ ነበር የሚደርሰን። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ከባድ ሆነ።

«ውሃውን ላፍሰው ነው የምትሉኝ?»

«አይ እማዬ፣ በርሜሉን ብናዛውረው…»

«ወዴት? ሳሎን? ለሰርግ እንግዳ ጠርቼ?»

በርሜሎቹ በቦታቸው ጸኑ። በዚያ ላይ ብሎካችን ውስጥ ያለው ዋይፋይ ሁሉ በጠባቧ የ2.4 ሜዳ ላይ ነው የሚጋፋው፤ እርስ በርስ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ስለዚህ ወደ ሽቦ ተመለስን። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳይደክም ይሄዳል፤ እኛ ከኮሪደር ሳሎን ለመድረስ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚያስፈልገን። በኬብል ሲለካ ውሉ ላይ ያለው ፍጥነት ሙሉ ለሙሉ ቴሌቪዥኑ ጋ ደረሰ። ኬብሉ የተዘረጋው በመተላለፊያው መሐል ስለሆነ እናቴ ባለፈች ቁጥር ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትሻገረዋለች፤ በተሻገረች ቁጥርም ትረግመዋለች።

አሁን የይለፍ ቃሉ ጉዳይ። ልጁ የራውተሩን ገጽ ከፍቶ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ሲያይ አፉን ያዘ። ቤታችን ውስጥ ካሉ ሰዎች ቁጥር ጋር የማይገናኝ የስልክ መዓት ነው። የይለፍ ቃሉን እናቴ ናት የሰጠቻቸው፤ ለምድር ቤቷ እታለም፣ ለእታለም ልጆች፣ ለሻምበል፣ ለጥበቃው፣ ፈተና አለብኝ ላለች ለአንዲት ተማሪ፣ ለተማሪዋም ጓደኞች። ልጁ «ለሰርጉ ቀን ብቻ እንቀይረው» አለ።

«ሰው ቤት መጥቶ ውሃ አጠጪኝ ሲል በሩን ልዝጋበት? አላደርገውም።»

በእናቴ ሐሳብ የሚፈርድባት ያለ አይመስለኝም። የምታውቀው ቴሌቪዥን ሰው በበዛበት ቁጥር የማያልቅ ነበር። አንቴናው የሚይዘው ሞገድ አንድ ሰው ቢያየው መቶ ቢያየው ያው ነው። ሳተላይቷም ከ35,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና የምትረጨው አንድ ሲግናል ለመላው አዲስ አበባ ይበቃል፤ ጎረቤት ዲሽ ቢሰቅል ከእኛ አይቀነስም። በኢንተርኔት የሚመጣው ቪዲዮ ግን ለእያንዳንዱ ተመልካች ለብቻው ነው የሚላከው። አምስት ሰው አንድ ሰርግ በአምስት ስልክ ካየ፣ ያው አንድ ሙሽራ አምስት ጊዜ በአንዲት ቀጭን መስመር ታልፋለች። ለጋስ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ መጥፎ ምስል እንዲታይ አድርጎ የሠራው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቡና ጠርቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፤ ቃሉ አይቀየርም፣ በምትኩ ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት መጥቶ በአንድ ላይ ያያል። እንጀራውን እታለም ትጋግራለች።

እሑድ ደረሰ። ሥርዓተ ተክሊሉ ቨርጂኒያ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ለእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሳሎኑ ሞላ፤ ቡናው ተፈላ፤ ፈንዲሻው ተበተነ። ልጁ ቀይዋን የ«ላይቭ» ነጥብ ተጫነ። ቤተ ክርስቲያኑ ታየ። ሙሽሮቹ ገቡ።

ሙሽራዋ ስትቆም ሙሽራ ናት፤ ስትራመድ ካሬ ናት። ምስሉ ጸጥ ሲል ፊቷ ብቅ ይላል፤ ዕጣኑ ሲጨስ ወይም ካሜራው ወደ ዘማሪዎቹ ዞር ሲል ሁሉም ነገር ቡናማ ጡብ ይሆናል። የሚያብለጨልጭ ጃንጥላና ጭስ የአጨማመቁ ስልት ክፉ ጠላቶች ናቸው፤ ሁሉም ነጥብ በየሰከንዱ ስለሚለወጥ የሚተው ነገር አይገኝም። የካባው ጥልፍ ይቅርና የካባው ቀለም አከራከረን። «ቀይ ነው» «ወይን ጠጅ ነው» እየተባለ ሳለ መብራቱ ድንገት ደብዘዝ አለ፣ ብልጭ አለ፣ ራውተሩም ጠፍቶ ተነሣ።

ሻምበል ጣታቸውን ወደ ወለሉ ቀሰሩ። «ምጣድ!»

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ለብሎካችን አሮጌ መስመር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ግን ማን ሄዶ እታለምን አቁሚ ይበላት? የምትጋግረው ለእኛ እንግዶች ነው። ልጁ ራውተሩን ከፓወር ባንክ ጋር አገናኘው (ይህችን ሽቦ አስቀድሞ ገዝቶ መያዙን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው፤ ይህ ልጅ የት እንደሚደርስ እንጃ)። መስመሩ እስኪመለስ ቡና ተቀዳ። ቪዲዮውም ካቆመበት ቀጠለ።

ልብ በሉ፤ ካቆመበት ነው። የቀጥታ ስርጭት የሚባለው ነገር በጥቂት ሰከንዶች ቁራጭ ተቆራርጦ ነው የሚላከው፤ የሚያጫውተው ፕሮግራምም ጥቂት ቁራጭ ሳያጠራቅም አይጀምርም። በደህናው ቀን እንኳ ከእውነተኛው ቅጽበት ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ መቅረት ያለ ነው። እኛ ደግሞ መስመሩ የጠፋበትን ጊዜ ሁሉ ጨምረን ቀረን። ቀይዋ ነጥብ ግራጫ ሆነች። እታለም ግን ምጣዷ አጠገብ ሆና በስልኳ ታይ ኖሯል፤ የእኛ ዋይፋይ ሲጠፋ ስልኳ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ዞረና ከፊት ከፊት ሄደ።

እኛ ጋ ቄሱ ገና እያነበቡ ነው። ከምድር ቤት፣ በደረጃው በኩል፣ ረጅም እልልታ መጣ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች እናቴ።

«ቀለበት አድርገው ይሆናል» አለ ልጁ። «እማማ፣ ቀዩን ልጫነውና እንድረስባቸው?»

«ታዲያ በመሐል ያለው?»

«ይዘለላል።»

«ቀለበቱን ልትዘልብኝ? ቁጭ በል!»

ከዚህ በኋላ ሰርጉን ያየነው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ እታለም እልል ትላለች፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ተዘጋጅተን እንቀመጣለን፣ ቡና የምትቀዳውም ጀበናዋን ታስቀምጣለች፣ ቀጥሎ ነገሩ ይሆናል፣ እኛም እልል እንላለን። ሻምበል በሁለቱ እልልታ መካከል ያለውን ጊዜ በሰዓታቸው መያዝ ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ከጠበቅኩት በላይ ተደሰትኩበት። መልካም ነገር ሊመጣ መሆኑን አስቀድሞ የሚነግር ጎረቤት በሌላው ኑሮዬ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ምስሉ ግን አልጠራም። ኬብሉ ጤነኛ፣ ራውተሩ ጤነኛ፣ ፕሮሰሰሩ የተረጋጋ፤ ካሬው ግን ካሬ ነው። ልጁ ቪዲዮው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ጥቁር ሳጥን አወጣ። መስመራችን ከሚፈለገው በላይ ነው የሚያመጣው። የጥራቱን ዝርዝር ከፈተ፤ የመጨረሻው 480 ነው። 720ም 1080ም የሉም። ካልተላከ ደግሞ አይደርስም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለተቀመጠ ዘመዱ ጻፈለትና መልሱን ጮክ ብሎ አነበበልን፤ ካሜራማኑ የሚልከው በስልክ ዳታ ነው፤ ሕንጻው ወፍራም ግንብ ነው፤ ኔትወርክ አይገባም።

ሳሎኑ ለአፍታ ዝም አለ።

«አሜሪካ?» አሉ ሻምበል። «አሜሪካ ውስጥ ኔትወርክ የለም?»

ያን ጊዜ በቤቱ የሞላውን ደስታ ለመደበቅ የሞከረ ሰው አላየሁም። ሳምንቱን ሙሉ በርሜሉን፣ ምጣዱን፣ መርካቶን፣ ጎረቤትን ስንከስ ቆይተን ጠባቧ በር ከውቅያኖስ ማዶ ተገኘች። ስልክ የሚያወርድበት ፍጥነት ብዙ ቢሆንም ወደ ላይ የሚልክበት ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፤ ከግንብ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ይህ በየትኛውም አገር ያለ ነገር ነው። ለሻምበል ግን አልነገርኳቸውም። እታለም ትኩስ እንጀራዋን ተሸክማ ስትገባ የነገሯት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር፤ «ከእነሱ ነው! ከእነሱ ነው ችግሩ!»

የአዳራሹ ዝግጅት በካርዱ ላይ ከምሽቱ 11 ሰዓት ይላል፤ በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። እንግዶቹ ሄዱ፤ ምጣዱ በረደ፤ ዋይፋያችንን የሚካፈሉት ሁሉ ተኙ። እናቴ ግን ጋቢዋን ለብሳ ሶፋው ላይ ናት። ልጁ አዲሱን ሊንክ ከፈተው። አዳራሹ የኬብል ኢንተርኔት ያለው መሆን አለበት፤ ዝርዝሩ ላይ 1080 ቁጭ ብሏል። ተጫነው። ምስሉ ጠራ፤ አበባው፣ ብርጭቆው፣ ሻማው፣ ወንበሩ ላይ የታሰረው ሪባን ሳይቀር። ሰው ብቻ የለም። 11 ሰዓት የተባለ የሐበሻ ሰርግ ነው፤ ከ2 ሰዓት በፊት ማን ይመጣል?

እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ብዙ አየች። በመጨረሻ «ያ የጠረጴዛ ልብስ አልተተኮሰም» አለች። «ስልኩን አምጡልኝ።»

እህቴ አላነሣችም፤ አዳራሽ የምታዘጋጅ አንዲት የዘመድ ልጅ ግን አነሣች። እናቴ ጠረጴዛውን ነገረቻት፤ ከመድረኩ በስተቀኝ፣ ከጥጉ ሁለተኛው። ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ካውያ ፈልጋ አመጣች፤ ይህን የምናውቀው ከአፏ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጠረጴዛው አጠገብ ገና ማንም የለም።

«ጨርሻለሁ እማማ፣ ለጥ ብሏል» አለች።

«የት መጥተሽ ነው የጨረስሽው?»

«ተኩሼዋለሁ እኮ!»

«አልተኮስሽውም» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከ43 ኢንቹ ሳትነቅል። «እያየሁሽ ነው።»